ሦስተኛዋ ፓምፕ

እናቴ ቤታችንን ከነዕቃው፣ እኔንና ታናሽ ወንድሜንም ጨምራ፣ ለአክስቴ ስታስረክብ በዓይኔ በብረቱ አይቻለሁ። ማንም አልነገረኝም። ከትምህርት ቤት ስመለስ የወጥ ቤቱ በር ላይ ቆሜ ያየሁት ነው።

እናቴ ያልተለኮሰው ምድጃ አጠገብ ቀጥ ብላ ቆማለች። ቀኝ መዳፏን ምድጃው ላይ ጫን አድርጋለች፤ አክስቴ ደግሞ ከፊት ለፊቷ። እናቴ በእንግሊዝኛ አንድ ነገር አለች። አክስቴ የራሷን መዳፍ ከእናቴ መዳፍ ጎን አሳርፋ መለሰችላት፤ ያኔ እናቴ እጇን አነሳች። ቀጥለው ወደ ውሃው በርሜል ሄዱ፤ እዚያም እንደዚያው አደረጉ። ከዚያ ቁም ሳጥኑ ተራ ደረሰው። ወንድሜ ፍራሽ ላይ አፉን ከፍቶ ተኝቷል፤ እናቴ ጎንበስ ብላ መዳፏን ሆዱ ላይ አሳረፈች፤ እሱንም አስረከበችው። የሚያሳዝነው እሱ እንቅልፉን እየለጠጠ ነበር።

ዘወር ስትል አየችኝ። «ነይ እስቲ፣ አንቺም ቁሚልን» አለችና መዳፏን አናቴ ላይ ጫነችው። እጇ እንደ ሁልጊዜው ክሎሪን ክሎሪን ይሸታል። «ይቺ ሦስተኛዋ ናት፤ አስቸጋሪዋ» አለች። አክስቴ ሳቋን ዋጥ አድርጋ እጇን ከእናቴ እጅ አጠገብ አኖረች።

«አይ ሃቭ ኮንትሮል» አለች።

የእናቴ እጅ ከራሴ ላይ ተነሳ። የቀረው የአክስቴ እጅ ብቻ ነበር፤ ቀለል ያለ፣ የጠመኔ ሽታ ያለው፣ የኔ ያልሆነ እጅ።

ሦስተኛ ክፍል ነበርኩ። የገባኝን ቀርቶ ያልገባኝንም ገብቶኛል ብዬ ድርቅ የምል ልጅ ነበርኩ። «ኮንትሮል» የሚለውን ቃል ደግሞ ከማንም በላይ አውቀዋለሁ። ጎረቤቶቻችን ቴሌቪዥን ነበራቸው፤ ኮንትሮሉን የያዘ ሰው የፈለገውን ያሳያል፣ ያልፈለገውን ይዘጋል፣ ሌላው ሰው ከሥሩ ተቀምጦ አፉን ይዞ ያያል። ስለዚህ አክስቴ «ኮንትሮሉ እኔ ጋ ነው» ስትል ምን ማለቷ እንደሆነ ለመረዳት አስተማሪ አላስፈለገኝም። እንዲያም ሆኖ በማግስቱ መምህሬን እናቴ መዳፏን ስትጭን የምትለው «ሃንድ ኦቨር» ምን ማለት እንደሆነ ጠየቅኳት። «ማስረከብ» አለችኝ። ልቤ ስንጥቅ አለ።

ክፍላችን ውስጥ ኮሌታዋ ሁልጊዜ የተጣፈ አንዲት ልጅ ነበረች። እናቷ ሥራ ፍለጋ ሌላ ከተማ ሄዳ በዚያው ቀርታለች። ልጅቷ የምትኖረው ከአክስቷ ጋር ነው። አንድ ቀን «እማዬ ስትሄድ ለአክስቴ አስረክባኝ ነው» ብላኝ ነበር። ያን ጊዜ ከንፈሬን መጥጬ አልፌያት ነበር። አሁን ነገሩ ወደኔ ቤት መጣ።

ለነገሩ ማስረጃ ሞልቶ ነበር። አክስቴ፣ የእናቴ ታናሽ እህት፣ ሻንጣዋን ይዛ እኛ ቤት የገባችው በዚያው ሰሞን ነው። የእንግሊዝኛ አስተማሪ ናት፤ ሳቅ የምትወድ፣ ስታኝክ የማትናገር፣ ልብሷን በጥንቃቄ አጥፋ የምታስቀምጥ ሴት። ልብሷን ከእናቴ ልብስ አጠገብ ሰቀለች። ትልልቆቹ ሁሉ እኔ ስገባ ወሬ ያቋርጣሉ። እናቴ አንድ ቀን «እስኪሆን ድረስ ወሬው እንዳይወጣ፤ ይቺ ልጅ ከሰማች መንደሩ ሁሉ ሰማ ማለት ነው» ስትል ሰምቻታለሁ። እውነቷን ነበር፤ አፌ አያርፍም።

አባቴ የከተማ አውቶቡስ ሾፌር ነው። አንድ ቀን ከሥራ ገብቶ እግሩን ዘርግቶ ሲያርፍ እኔ ከበሩ ጀርባ ጆሮዬን ቀስሬ ቆሜ ነበር። እናቴ ጉልበቷን እያሸች «አልቻልኩም በቃ። ከእንግዲህ እዚያ መቆም አልችልም፤ መውጣት አለብኝ» አለችው። እሱም «ልጆቹስ?» አላት። «እህቴ አለችልኝ። እሷ ከያዘችልኝ ሐሳብ የለኝም» አለች።

ሐሳብ የለኝም! ቁም ሳጥኑ ውስጥ ገብቼ የእናቴን ቀሚስ አቅፌ አለቀስኩ።

«እዚያ» ማለት ገንዳው እንደሆነ የገባኝ ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው። እናቴ የምትሠራው የከተማው ውሃ ማጣሪያ ጣቢያ ውስጥ ነበር። ረጅም ቦት ጫማ አድርጋ የማጣሪያውን ገንዳ አሸዋ የምታጥብ ሠራተኛ ነበረች። ውሃው እስከ ጉልበቷ ይደርሳል። ሐኪሙ ይሄ ጉልበት ሌላ ክረምት ገንዳ ውስጥ ከቆመ አለቀለት ብሏታል። ከገንዳው መውጣት ማለት ደግሞ ከሥራ መውጣት ማለት ነው፤ አንድ መንገድ ካልተገኘ በቀር። ያ መንገድ ከገንዳው በላይ ባለው መስታወት ቤት ውስጥ ነበር፤ መቆጣጠሪያ ክፍሉ ውስጥ። አንድ የተረኛ ቦታ ክፍት ሆኗል። እናቴ ለመወዳደር ተመዘገበች። ፓምፖቹን በድምፃቸው ሳይቀር ታውቃቸዋለች፤ የምትፈራው እንግሊዝኛውን ነበር። የመቆጣጠሪያው ሰሌዳ ላይ የተጻፈው ሁሉ በእንግሊዝኛ ነው፤ ተረኞች ሲለዋወጡ የሚያደርጉት ርክክብም ሰሌዳው ከተተከለበት ቀን ጀምሮ የሚካሄደው በእንግሊዝኛ ነው። ይህን ሁሉ ያን ጊዜ የሚነግረኝ አላገኘሁም። እኔ የማየው እናቴ ልትሄድ ቤት ስታስረክብ ነው።

ከሰዓት በኋላ ሁለቱ እህትማማቾች ጠረጴዛው ላይ ይቀመጣሉ። እኔ የቤት ሥራ የምሠራ መስዬ አጠገባቸው እደፋለሁ። አክስቴ ሳህንና ማንኪያ ይዛ ታስተምራለች።

«ቃሉ አንድ ነው እትዬ፤ ኮንትሮል» ትላለች። «ከፊቱና ከኋላው የሚገቡት ትንንሾቹ ናቸው ማን ከላይ ማን ከታች እንደሆነ የሚለዩት።» ማንኪያውን ከሳህኑ ሥር ታስገባዋለች። «ይሄ አንደር። ማንኪያው የሳህኑ ታዛዥ ነው።» ከላይ ታደርገዋለች። «ኦቨር። አሁን ማንኪያው አዛዥ ሆነ።» ከሳህኑ አውጥታ ወለሉ ላይ ትወረውረዋለች። «አውት ኦፍ። አሁን ማንም አያዝበትም፤ ያገኘው ያንሳው።» ማንኪያውን የማነሳው እኔ ነኝ።

እናቴን ያስቸገራት «ኢን» ነው። «ኢን ማለት ውስጥ አይደል? ቁጥጥር ውስጥ ከገባሁማ ታሰርኩ ማለት ነው» ትላለች።

«ፈረንጆቹ ዘንድ ውስጥ ያለው ነው የሚያዝዘው።»

«ጉድ ነው። እኛ ጋ ውስጥ ያለው ነው የሚታዘዘው።»

ከዚያ አክስቴ ምሳሌ ትጠይቃታለች። እናቴ ምሳሌ የምትሠራው ዓይኗ ካረፈበት ነገር ነበር፤ ከቤቱና ከእኛ። አንድ ቀን ረጅም ትንፋሽ ወስዳ «ዘ ሃውስ ኢዝ ኢን ኮንትሮል ኦፍ ሚ» አለች። አክስቴ ጠረጴዛው ላይ ተደፍታ ሳቀች። ስትናገር እንባዋ እየወረደ ነበር፤ «ቤቱ እኔን ያዝዘኛል ነው ያልሽው እኮ እትዬ!»

እናቴ ኮስተር ብላ አየቻት። «እና ውሸት ነው እንዴ?»

አባቴ ከሌላው ክፍል «እኔ በዚህ ቤት አንደር ነኝ፤ የምን ፈተና ነው፣ እኔን ብትጠይቁኝ ይበቃ ነበር» አለ። ሦስቱም ሳቁ። እኔ አልሳቅኩም። ትምህርት ቤት ኳስ ከሳጥን ውስጥና ከሳጥን ሥር እየሳልን ስለተማርን ኢንና አንደርን ጠንቅቄ አውቃለሁ። አክስቴ «አስተካክለሽ በይ» ስትላት እናቴ ቃል በቃል ያለችውን ሰምቻለሁ። ቤቱ በአክስቴ ቁጥጥር ሥር ነው፤ ልጆቹ በአክስቴ ቁጥጥር ሥር ናቸው። ምሳሌ የሚባል ነገር ውሸት ሊሆን እንደሚችል ማን ነግሮኝ? ሰው እየደጋገመ የሚናገረው እውነት የሆነውን ነገር ነው ብዬ ነበር የማምነው።

አንድ ቀን አክስቴን ብቻዋን አገኘኋትና እጁ ለምን እንደሚጫን ጠየቅኳት። ደግነቱ፣ ጥያቄ ሲጠየቁ ዝም ማለት የማይችሉ ሰዎች አሉ፤ አንዷ እሷ ናት። እንደነገረችኝ፣ እናቴ የምትሠራበት ቦታ ድሮ ሁለት ተረኞች ሲለዋወጡ ወጪው ገቢው እያየ ነው ብሎ ወጣ፤ ገቢውም ወጪው ገና አለ ብሎ ጃኬቱን ሊሰቅል ሄደ። በመሃል የውሃ ማጠራቀሚያው ሞልቶ ፈሰሰ፤ ከታች ያለው ሰፈር ሰው አልጋው ላይ ሆኖ ጫማው ሲንሳፈፍ አየ። ከዚያ ወዲህ ደንቡ እጅ ሆነ። የሚያስረክበው መዳፉን ያሳርፋል፤ የሚረከበው መዳፉን ከጎኑ አሳርፎ ቃሉን ካልተናገረ በቀር የመጀመሪያው እጅ አይነሳም።

«ቃሉን ካላለስ?» አልኳት።

«ቆሞ ይቀራላ» አለች እየሳቀች።

እኔ ከዚህ ሁሉ የያዝኩት የመጨረሻውን ብቻ ነበር። አክስቴ «አይ ሃቭ ኮንትሮል» ካላለች እናቴ እጇን ከእኛ ላይ ማንሳት አትችልም። እጇን ካላነሳች አትሄድም። መድኃኒቱ ተገኘ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ቤቱ ሲኦል ሆነ። እናቴ መዳፏን ምድጃው ላይ አሳርፋ አክስቴ አፏን ልትከፍት ስትል የድስት ክዳን ይወድቃል። በርሜሉ ጋ ሲደርሱ ወንድሜ ያለቅሳል፤ ቆንጥጬው ነው። ቁም ሳጥኑ ጋ ሲደርሱ እኔ የትምህርት ቤት መዝሙር በጩኸት እጀምራለሁ። ከሁሉ የበለጠው መሣሪያዬ ግን የቆርቆሮ ውሃ መያዣዬ ነበረች። የጠረጴዛውን እግር ስመታባት ጎረቤት ድረስ ትሰማለች። አክስቴ ጆሮዋን ይዛ ደሟ ሲፈላ አያታለሁ፤ እናቴ ግን ፊቷን ሳታዞር ድምፅዋን ከፍ፣ አሁንም ከፍ አድርጋ ከመጀመሪያው ትጀምራለች። እኔም ድምፄን ከፍ አደርጋለሁ። እናቴን እያዳንኩ ነበር፤ ቤታችንን እያዳንኩ ነበር። በሕይወቴ እንደዚያ ሰሞን ጠንክሬ የሠራሁበት ጊዜ ትዝ አይለኝም።

የፈተናው ቀን ቅዳሜ ነበር። እናቴ ጥቁር ቀሚሷን ለብሳ፣ ፀጉሯን ወደኋላ አስራ ስትወጣ ዛሬ የምትሄድበት ቀን እንደሆነ ገባኝ። አባቴ ሥራ ነበር። ወንድሜን አክስቴ ይዛዋለች። እኔ የእናቴን ቀሚስ በሁለት እጄ ይዤ አልለቅም አልኩ። አክስቴ ብትለምነኝ፣ ብትቆጣኝ፣ ጣቶቼን አንድ በአንድ ብታላቅቅ የተላቀቀው ተመልሶ ይይዛል። ሰዓቱ ሊያልፍባት ሲል እናቴ «በይ ነይ፤ ትንፍሽ ካልሽ ግን እኔና አንቺ አንተዋወቅም» ብላ እየጎተተች ወሰደችኝ። ውሃ መያዣዬ ትከሻዬ ላይ ነበረች።

መቆጣጠሪያ ክፍሉን እንደዚያ አልጠበቅኩትም። ፈረቃውን የሚመራው ሰው ጩኸት የማይወድ ነበር፤ ሠራተኛው ሁሉ «ሹክሹክታ» ነው የሚለው። የወንበሮቹ እግር ጨርቅ ተጠቅልሎበታል። በሩ ሲዘጋ ጎማ ላይ ስለሚያርፍ ድምፅ የለውም። ያ ሁሉ ፓምፕ ከታች እየሠራ እዚህ የሚሰማው ትንፋሽ ነው። ግድግዳውን ሙሉ የያዘው ሰሌዳ አረንጓዴና ቀይ መብራት፣ ክብ ክብ መስታወትና የሚንቀጠቀጥ ጠቋሚ አለበት። በትልቁ መስታወት በኩል ገንዳዎቹ ይታያሉ፤ የእናቴ ባልደረቦች ቦት ጫማቸውን እንዳደረጉ አንገታቸውን ሰቅለው ወደ ላይ ያያሉ። ሹክሹክታ ቀጭን ሰው ነው። በሩ አጠገብ ያለውን የብረት አግዳሚ በጣቱ አሳየኝ፤ ሄጄ ተቀመጥኩ።

ሰሌዳው ፊት አንድ ወፍራም ሰው ቆሞ ነበር፤ መዳፉን ሰሌዳው ላይ ጭኗል። ሳየው ደነገጥኩ። ያ እጅ! እናቴ ሄዳ አጠገቡ ቆመች። ሰውየው እኛ ቤት የሚባለውን ያንኑ ነገር ተናገረ፤ «አይ ሃንድ ኦቨር ኮንትሮል ቱ ዩ» አለ። እናቴ መዳፏን ከመዳፉ ጎን አሳረፈች።

ከዚያ ዝም አለች።

ክፍሉ ፀጥ አለ። ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፣ ድምፅ የለም። ወፍራሙ ሰው በዓይኑ ጥግ አያት። ሹክሹክታ እጁን አጣምሮ ይጠብቃል። ከጆሮዋ ሥር ላብ ሲወርድ አየሁ፤ እናቴ ምላሷ ተሳስሯል። ዛሬ ላይ ሆኜ ያንን ፀጥታ ሳስበው እኔን ራሴን ያልበኛል። ቃሉን ካላለች የምትቀረው ገንዳው ውስጥ ነው፤ ጉልበቷ ደግሞ ከእንግዲህ ገንዳውን አይችልም።

እኔ ግን ያን ጊዜ የፈራሁት ተቃራኒውን ነው። ደንቡን አውቃለሁ። ቃሉን ካለች የሰውየው እጅ ይነሳል፣ የእሷ እጅ ይቀራል። ሌላ ሰው መጥቶ እስኪረከባት ድረስ እዚያ ግድግዳ ላይ ተጣብቃ ልትቀር ነው። ማን ይመጣል? ማንስ እንዲህ ያለ ነገር ይረከባል? እንዳትናገር ማድረግ አለብኝ። ዓይኔን ጨፈንኩና ውሃ መያዣዬን በአግዳሚው ብረት ላይ ባለ በሌለ ኃይሌ አሳረፍኳት። ጓ! ደገምኩ። ጓ! ጓ!

«አይ ሃቭ ኮንትሮል!» አለች እናቴ።

አነጋገሯ ወጥ ቤት ውስጥ ከድስት ክዳንና ከልጅ ለቅሶ በላይ ለመሰማት የምትጮኸው ነበር። ሹክሹክታ ወደኋላ አንድ እርምጃ ሸሸ። ወፍራሙ ሰው እጁን እንደተቃጠለ ሰው ቶሎ አነሳ። እኔ መያዣዬን እንደያዝኩ ደርቄ ቀረሁ። ተሸነፍኩ።

ሹክሹክታ ወደኔ ዞሮ ረጅም ጊዜ አየኝ። ከዚያ እናቴን ሊፈትን ሰሌዳው ላይ አንድ ነገር ጠመዘዘ። ቀይ መብራት በራ፣ ጠቋሚው ተንቀጠቀጠ። እናቴ ምላሷ ከተፈታ ወዲህ የሚያቆማት አልነበረም። ሦስተኛዋ ፓምፕ ከቁጥጥር ውጭ ናት አለች በእንግሊዝኛው፤ እጇ ሄደ፣ አንዱን አዞረች፣ አንዱን ዘጋች፤ ጠቋሚው ተመለሰ። ሦስተኛዋ በቁጥጥር ሥር ናት አለች፤ የማዝዘው እኔ ነኝ አለች። ትንንሾቹ ቃላት ሁሉ ቦታ ቦታቸው ገቡላት፤ «ኢን» እንኳ ሳትቀር።

ሹክሹክታ አላጨበጨበም፣ እንኳን ደስ ያለሽም አላለም። ወደ ወፍራሙ ሰው ዞረና በዚያች ሹክ በምትል ድምፁ፦

«አንተ ሂድ፣ ምሳህን ብላ» አለው።

ሰውየው ቦታውን ለእናቴ ትቶ ወጣ። ሹክሹክታም ቀስ ብሎ ተከትሎት ሄደና መተላለፊያው ላይ ያለው ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። ክፍሉ ውስጥ እኔና እናቴ ቀረን። ከታች፣ መስታወቱ ሥር፣ ቦት ጫማ ያደረጉት ሴቶች እጃቸውን ያወዛውዛሉ። እኔ እያለቀስኩ ሄጄ ቀሚሷን ያዝኩ።

«እጅሽ ተጣበቀ?» አልኳት።

«ምን?»

«አሁን መቼ ነው የሚለቅሽ?»

እጇን ከሰሌዳው አንስታ አሳየችኝ። እጅ ለርክክብ ብቻ ነው አለችኝ፤ ከዚያ በኋላ የማይነሳው ዓይን ነው። ያን ጊዜ ሁሉም ነገር ከአፌ ተዘረገፈ። ሻንጣውን፣ ምድጃውን፣ ኮሌታዋ የተጣፈውን ልጅ፣ ሐሳብ የለኝም ያለችውን፣ ወንድሜን መቆንጠጤን ሳይቀር ነገርኳት። መጀመሪያ ሳቀች። ከዚያ ሳቋ መሃል ላይ ተቆረጠ።

«እኔ እናንተን ለማንም አላስረክብም» አለች። «ለልምምድ ነው የኔ እናት። ቤት ውስጥ ፓምፕ ከየት ላምጣ? ምድጃው አንደኛዋ ነበረ፣ በርሜሉ ሁለተኛዋ። አንቺ ደግሞ ሦስተኛዋ ነሽ። ሦስተኛዋ ነች የምታስቸግረኝ።»

በአንድ እጇ ስባ ሆዷ ላይ ለጠፈችኝ። ግን አላየችኝም። ዓይኗን ከሰሌዳው ሳትነቅል ነው ያቀፈችኝ። ይህ ነገር ለዓመታት ሲከነክነኝ ኖሯል፤ እንደዚያ አልቅሼ እንዴት ዞር ብላ አታየኝም ብዬ። ልጅ ወልጄ፣ በአንድ እጄ ታቅፌ በሌላው የሚገነፍል ወተት ሳወርድ ነው የገባኝ። እናቴ በዚያች ደቂቃ የከተማውን ሰው ሁሉ ውሃና እኔን አብራ ይዛ ነበር፤ ከሁለታችን አንዳችንንም አልጣለችም።

አክስቴ ከዚያ በኋላም እስክታገባ ድረስ ከእኛ ጋር ኖረች። እናቴ የሌሊት ተረኛ ስትሆን እያደረች ታየን ነበር። እኔም ቀስ በቀስ የጠመኔ ሽታ ያለውን እጅ ለመድኩት፤ እንዲያውም ወደድኩት። የሰርጓ ዕለት ከሁሉ በላይ ያለቀስኩት እኔ ነኝ፤ ምክንያቱን ስጠየቅ «አሁን ደግሞ ለማን ነው የምታስረክቢን?» ብዬ እንግዳውን ሁሉ አሳቅኩ። ያ ቅዳሜ ግን በልቤ ሽንፈት ሆኖ ነበር የተቀመጠው። እናቴን ለማደናቀፍ የቻልኩትን አድርጌ፣ እሷ ከእኔ በልጣ አለፈች። ደስ የሚል ሽንፈት ነው፤ ግን ሽንፈት።

አክስቴ ናት ያረመችኝ፤ እኔም ትልቅ ሰው ከሆንኩ በኋላ፣ አትክልት እየከተፍን።

«ወንድምሽን ስትቆነጥጪው አናውቅም መሰለሽ?» አለችኝ። «በጥፊ ላቃጥልሽ ስነሳ እትዬ ናት የያዘችኝ። ተያት፣ ከዚህ ጩኸት ጋር ከቻልኩ የትም እችላለሁ አለችኝ። ሞኞች! ሹክሹክታ ክፍሉን መቃብር እንዳደረገው ማን ነግሮን። ያን ቀን ፀጥ ሲልባት ቃሉ ብን ብሎ ጠፋ። እንዲያውም ይቅርታ ብላ እጇን ልታነሳ ነበር። በኋላ ምን አለችኝ መሰለሽ? ቆርቆሮው ሲንኳኳ ወጥ ቤቴ ውስጥ ያለሁ መሰለኝ አለችኝ። ቤቷ ገባችና ተናገረችው።»

ቢላዬን አስቀመጥኩ። «ለምን እስከ ዛሬ አልነገራችሁኝም?»

«ብንነግርሽማ ማን ይችልሻል?»

ባለፈው ክረምት እናቴ ጡረታ ወጣች። ለመጨረሻው ርክክብ ቤተሰቡ እንዲገባ ተፈቀደልን። ሹክሹክታ ካረፈ ቆይቷል፤ ፀጥታው ግን እንዳለ ነው። የግድግዳው ሰሌዳ ተነቅሎ ጠረጴዛና ስክሪን ገብቷል፤ እጅ የሚጫንበት ነገር የለም። እነሱ ግን ደንቡን አልተውትም፤ መዳፋቸውን ጠረጴዛው ጫፍ ላይ ያሳርፋሉ። አባቴ ከዘራውን ተደግፎ፣ ጆሮው ስለደከመ በየደቂቃው «ምን አለች?» ይላል። ወንድሜ እጁን አጣምሮ ከእንባው ጋር ይታገላል። አክስቴ አጠገቤ ናት። ያ የብረት አግዳሚ አሁንም በሩ ጋ ነው።

የምትረከባት አንዲት ወጣት ሴት ናት፤ እናቴ ራሷ ያሠለጠነቻት። እናቴ መዳፏን ጠረጴዛው ላይ ጫነች። ጅማቱ የወጣ፣ ዛሬም ክሎሪን የሚሸት የሚመስለኝ እጅ። ወጣቷ የራሷን መዳፍ ከጎኑ አሳረፈችና ጠበቀች።

እናቴ ዝም አለች።

ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ አየሁት። ያን ሁሉ ዘመን በየፈረቃው የተናገረችው ነገር ነው፤ በዚህ ክፍል ከእሷ የተሻለ የሚለው የለም። ግን አልወጣም። ይህ እጅ አንዴ ከተነሳ ተመልሶ አያርፍም። ወጣቷ ግራ ገብቷት አየችን። አባቴ «ምን አለች?» አለ። አክስቴ በክርኗ ጎሸመችኝ፤ ጉሸማም አላስፈለገኝም ነበር፤ እጄ ቦርሳዬ ውስጥ ገብቶ የቁልፍ ዘለላዬን አውጥቶ ነበር።

አግዳሚው ብረት ላይ አሳረፍኩት። ጓ! ጓ!

የእናቴ ትከሻ በሳቅ ተንቀጠቀጠ። ሳትዞር፣ ዓይኗን ከስክሪኑ ሳትነቅል፣ ያቺን የወጥ ቤት ድምፅዋን አወጣቻት።

«አይ ሃንድ ኦቨር ኮንትሮል ቱ ዩ!»

«አይ ሃቭ ኮንትሮል» አለች ወጣቷ።

እናቴ እጇን አነሳች። ለአፍታ የት እንደምታደርገው አጥታ አየር ላይ ያዘችው። ከዚያ ዞረች። ዞራ ደግሞ አየችኝ፤ ዓይኗ ከእንግዲህ የሚጠብቀው ነገር አልነበረውም፣ ሙሉ በሙሉ እኔ ላይ አረፈ። መጥታ መዳፏን አናቴ ላይ ጫነችው።

«ሁሉንም አስረክቤያለሁ» አለቻቸው ለሰዎቹ። «ይቺ ሦስተኛዋ ብቻ እኔው ጋ ትቆይ። እስከ ዛሬ ከቁጥጥር ውጭ ናት።»